አምስት ዋት ብቻ

ዘርአብሩክ አምፕሊፋየሩን ሲከፍት ሞያሌ ድምፁን ሁለት ጊዜ ነበር የምትሰማው፤ አንዴ ሲሄድ፣ አንዴ ከኢትዮጵያ በኩል ካለው ኮረብታ ነጥሮ ሲመለስ። ሁለት ሺህ ዋት ነው። ዘርአብሩክ ለሰው ሲናገር ግን ሦስት ሺህ ይላል፤ እንግዳ ሰው ካገኘ ደግሞ አራት ሺህም ብሎ ያውቃል። ከናይሮቢ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ ሲመጣ መንገድ ላይ ያዩት ሁሉ ፍሪጅ መስሏቸው ነበር። ከምሳ በኋላ የድምፁን ቁልፍ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ርቃ ባለችው ኡራን መንደር ያሉ ፍየሎች ማመንዠካቸውን ያቆማሉ። ጎልቦ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን የጠፋች ግመልም ድምፁን ተከትላ መጥታ በሆቴሉ በር ላይ ተገኝታለች ይባላል። መጀመሪያ ያለው ራሱ ዘርአብሩክ ነው፤ ግን ይባላል።

ሰውየው በሰማንያ ሦስት ከጎጃም ሸሽቶ ኬንያ የገባ፣ በስደተኛ ካምፕ የኖረ፣ ከዚያ በሻይ ጀምሮ ስምንት ክፍል ሆቴል ያቆመ ሰው ነው። ሀብቱ ግን ስምንቱ ክፍል አልነበረም። ሀብቱ ከምሳ በኋላ የሚሰበሰቡት ወዳጆቹ ነበሩ። በሳሎኑ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ ኬንያዎቹ ሚራ የሚሉት ጫት ይቀርባል፣ ሙዚቃው ይለቀቃል። በበርጫው ላይ ከሁሉ የከበረው ትራስ፣ ከባለቤቱ በስተቀኝ ያለው፣ የሀብተሥላሴ ነበር።

ሀብተሥላሴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጆሮው ተአምር ነው፤ ሎሪ በመንገድ ሲያልፍ ሰምቶ «የኋላው ግራ ጎማ አንድ ብሎን ላልቷል» ይላል፣ ሰውም ሮጦ ሹፌሩን ያስቆማል፣ ብሎኑም ላልቶ ይገኛል። በመኪናው መቀመጫ ሥር ድንበር ያሻገራቸው መቶ ሃያ ካሴቶች በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አሉት። ያ ሣጥን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዘርአብሩክ ሳሎን፣ በመደርደሪያው ሥር ነበር የሚያድረው። ሌላ ሰው በልጁ እንደሚመካ ዘርአብሩክ በዚያ ሣጥን ይመካ ነበር። «ሀብቴ እኮ ቤቱን ቆልፎ ይወጣል፣ ካሴቱን ግን እኔ ዘንድ ነው የሚያስቀምጠው» ይል ነበር።

አንድ ሰኞ ሣጥኑ የለም።

«አስኩ! የሀብቴ ሣጥን የት ገባ?»

ሚስቱ አስካለ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም። «ባለቤቱ ወሰደው።»

«ወዴት?»

«ማንያታ ሰፈር። ጃርሶ ቤት።»

«የቱ ጃርሶ?»

«ሬዲዮ ጠጋኙ ነዋ። ፉንዲው።»

«እዚያ ምን ሊሠራበት?»

«ሙዚቃ ሊሰማበት።»

«በምን ይሰማል? ጃርሶ ምን አለው?»

አስካለ ብርጭቆውን አስቀመጠችና በሁለት እርጥብ እጆቿ መጠኑን አሳየችው። «የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ራሱ የሠራት አምፕሊፋየር አለችው። ሰው ሁሉ ስለሷ ነው የሚያወራው። አምስት ዋት ናት።»

«አምስት መቶ?»

«አምስት።»

«አምስት ሺህ በይኝ እንጂ!»

«አምስት ብቻ፣ አንተ ሰውዬ! እንደ እጅህ ጣት።»

ዘርአብሩክ ሳቀ። ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ ድንበር ጠባቂዎቹ ሰምተው ተነሥተው ቆመዋል። «አምስት ዋት! የፍሪጄ ውስጥ አምፖል አሥራ አምስት ነው! ሀብቴ ከፍሪጄ አምፖል ወደምታንስ ሄደ!» እያለ ለደንበኛው ሁሉ ተናገረ፤ አንዱ ደንበኛ ሁለቴ ሰማው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሳቁ ወደ ሆዱ ወረደና እዚያ ጎመዘዘ። የሚበልጥህ ሰው ቢቀማህ ወግ ነው፤ ታለቅሳለህ፣ ይወጣልሃል። ስድስት ሺህ ዋት ያለው መጥቶ ወዳጁን ቢወስድበት ዘርአብሩክ ራሱ ሣጥኑን ተሸክሞ ባደረሰለት ነበር። በአምስት ዋት ሲቀሙህስ ለማን ትነግራለህ?

በማግሥቱ ደህናውን የወጥ ቤት ሬዲዮ ከኋላው ከፍቶ አንዲት ሽቦ በጠሰ። ሬዲዮዋን በብብቱ ሸጉጦ «ላሠራት ነው» ብሎ ወደ ማንያታ ወረደ።

የጃርሶ ቤት ከጭቃ ግድግዳና ከቆርቆሮ ጣራ በቀር ምንም የለውም፤ ማለትም ዘርአብሩክ ከመግባቱ በፊት እንደዚያ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሲገባ ግን ከግድግዳው ሥር የሰው ቁመት የሚያክሉ ሁለት አሮጌ የእንጨት ስፒከሮች ቆመው አየ። የወረቀት ሆዳቸው እንደ ሰፌድ የሰፋ ነው፤ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጡ ናቸው። በመካከላቸው በርጩማ ላይ ያቺ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጣለች። ከሥሯ የሞተር ብስክሌት ባትሪ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ኮቱ፣ ታኢ! ና ተቀመጥ፣ አባ ሆቴል!» አለ ጃርሶ፣ ከልቡ ደስ ብሎት።

ጨርቅ ነጋዴው ነቢል ጥግ ላይ ጋደም ብሏል። ሀብተሥላሴ ደግሞ፣ ከጃርሶ በስተቀኝ ባለው ትራስ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። በስተቀኝ!

«ዘሩ ነህ? በኮቴህ ነው ያወቅሁህ» አለ ሀብተሥላሴ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

ዘርአብሩክ ቁጭ አለ። እየዘፈነች ያለችውን ሴት ያውቃታል፤ ካሴቷን በገዛ ሳሎኑ ሺህ ጊዜ አስጩኋታል። አሁን ግን አትጮህም። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ትንሽ የሆነው ግን ሩቅ ሆና አይደለም፣ አጠገብህ ተቀምጣ ለአንተ ብቻ እያዜመች ስለሆነ ነው። ከስንኝ በፊት አየር ስትስብ ይሰማል። የክራር መቺው ጣት ከጅማቱ ላይ ሲነሣ እንኳ ቂው ይላል። ዘርአብሩክ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር ሲፈታ ተሰማውና ወዲያው መልሶ ቋጠረው። በጠላት ቤት ደስ ሊለው አልመጣም።

ሀብተሥላሴ ጣቱን ቀሰረ። «ሰማሃት?»

«ምኗን?»

«ሳሉን። ክራር መቺው ሳለ። ዘጠኝ ዓመት አንተ ቤት ሰምቼው፣ ይሄ ሰውዬ ጉንፋን እንደያዘው ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው።»

«ሳል መስማት ካማረህ ክሊኒኩ ከሆቴሌ ፊት ለፊት ነው!»

ነቢል ፈንድቶ ሳቀ። ጃርሶም ፈገግ አለ። ሀብተሥላሴ ግን አልሳቀም፤ እንዲያውም አልሰማም። ተመልሶ ወደ ሴትዮዋ ገብቷል። ባለቀልዱ ዘርአብሩክ ነበር፣ ቀልዱ ለማን እንደነበር የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ጆሮውን ለሌላ ሰጥቷል።

ጃርሶ በዚህ መሐል ሬዲዮዋን ከፍቶ ሽቦዋን አየ። «ይቺ አላረጀችም። ሰው ነው የበጠሳት።»

«አይጥ ትሆናለች።»

ጃርሶ የሽቦዋን ጫፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ በጉጠት መቆረጧ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ኤዬ፣ እውነትህን ነው» አለ በመጨረሻ። «አይጥ ናት።» ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በጥሶ ያመጣትን ቀጥሎ መለሰለትና ለድካሙ ምንም አልቀበልም አለ። ዘርአብሩክን ከሁሉ ያቃጠለው ይኼ ነው። ደግሞ ጨዋ! ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ቅናቱ ጽድቅ በሆነለት ነበር።

በሩ ላይ ሲደርስ ምላሱ ከሐሳቡ ቀደመ። «እኔም እኮ እየመጣልኝ ነው። ከዱባይ። አምስት ዋት። ከዚች የምትበልጥ አምስት ዋት።»

ሀብተሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። «አምስት ከአምስት እንዴት አድርጎ ይበልጣል?»

«እሑድ ናና ስማ!»

«እሺ፣ እመጣለሁ። እንዲህ አድርጋ ካሰማችኝ ሣጥኔን ተሸክሜ ቤትህ እመለሳለሁ። ዘሩ፣ አንተን ጠልቼ አይደለም የወጣሁት። ጆሮዬ ነው ያወጣኝ።»

ያን ዕለት ዘርአብሩክ ሚስቱን ለመናት። «አንቺ ሂጂና ጃርሶን አሠሪው። ልክ እንደሷ። የእኔ ስም እንዳይነሣ ብቻ።»

«የማን ሚስት ነኝ ልበለው?»

«ምንም አትበዪው!»

ሐሙስ ዕለት አስካለ ቆርቆሮዋን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። «ጃርሶ አንድ ነገር ንገሪው ብሏል።»

«ስሜን ጠራሽ!»

«እሱ ነው የጠራህ። ‹የባልሽ ስፒከሮች ሆዳሞች ናቸው፣ ለትልቅ ጉልበት የተሠሩ፤ በአምስት ዋት አይጠግቡም። የእኔዎቹ የድሮ ስለሆኑ ጥቂት ይበቃቸዋል› ብሏል።»

«የእኔን ስፒከር ሆዳም አለ?»

ከነገሩ ሁሉ የሰማው ስድቡን ብቻ ነው። ቆርቆሮዋን ጥቁር ቀለም ቀባ። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ የላጠውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ለጠፈባትና ዱባይ አስመሰላት። ቅዳሜ ጠዋት ከሞተር ብስክሌት ባትሪና ከራሱ ግዙፍ ስፒከሮች ጋር አገናኝቶ ከፈታት። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ የምታወጣውን ድምፅ አወጣች። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ንቧ ትንሽ ተናደደች እንጂ ከጠርሙሱ አልወጣችም።

«ነገርኩህ» አለች አስካለ ከወጥ ቤት።

እሑድ ነገ ነው። ሰው ተጠርቷል። ሀብቴ እመጣለሁ ብሏል፤ ሀብቴ ደግሞ ሃያ ቶን ጭኖ እንኳ ካለው ቀን አሳልፎ አያውቅም። ዘርአብሩክ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ከወፎች በፊት ግን መላ መጣለት። ሁለት ሺህ ዋቱን እየጎተተ መኝታ ቤት አስገባና አልጋው ሥር ደበቀው። ከሳሎኑ ትንሽ ቴፕ አንዱን ሽቦ ለዓይን ወደ ጥቁሯ ቆርቆሮ ሰካ፤ እውነተኛውን ግን በምንጣፉ ሥር፣ በግድግዳው ቀዳዳ፣ እስከ አልጋው አደረሰው። የስፒከሮቹንም ሽቦ በዚያው መንገድ መለሰ። ከዚያ ዕድሜ ልኩን ወደ ቀኝ ሲዞር የኖረውን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የፀጉር ያህል ብቻ ከፈተው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች አስካለ።

«አምስት ዋት እየሠራሁ ነው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላው ሄደች።

እሑድ ከምሳ በኋላ መጡ። ነቢል መጣ፣ ሀብተሥላሴ መጣ፣ ከኋላው ጃርሶ መጣ። «ዋናውን ዳኛ ትቼ ልመጣ?» አለ ሀብተሥላሴ። ዘርአብሩክ ጃርሶን ሲያይ ላቡ ግንባሩ ላይ ብቅ አለ። ጃርሶ ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮዋን አየ። ምስማሩ የበሳውን የገዛ ቀዳዳውን አወቀ፤ በራሱ እጅ ያቀለጠውን እርሳስም አወቀ። ከዚያ ቀና አለና፣ «ዱባይ ጎበዝ ናት» ብሎ ተቀመጠ።

ነቢል ጫቱን እየቀነጠሰ፣ «ስንት ዋት ናት ያልከው?»

«አምስት!» አለ ዘርአብሩክ። ምላሱ እንደ ልማዷ ልትጨምር ዳር ዳር አለች፤ ጎትቶ መለሳት። «እንዲያውም አራት ተኩል ናት።» ሻዩ እስኪቀዳ ሦስት ተኩል አድርሷታል። በሕይወቱ ሙሉ ሲቆልል የኖረ ሰው፣ ያን ቀን መቀነስም እንደዚያው እንደሚጥም አወቀ።

ሀብተሥላሴ ይዞት የመጣውን ካሴት ከትቶ ቴፑን ከፈተ። በቆርቆሮዋ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በራች፤ ሴትዮዋም መጣች። ቀስ ብላ፣ ትንፋሿን ስባ፣ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠች ያህል። ነቢል ማኘኩን አቆመ። ሀብተሥላሴ ዓይኑን ጨፈነ። ዘርአብሩክ የወዳጁን ፊት እንደ ሐኪም እያየ፣ «ልብ ሲያውቅ ገንፎ ያንቅ» እንደሚባለው ሻዩ እንኳ አልወርድ አለው። አንድ ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። የሀብተሥላሴ የእግር ጣት መምታት ጀመረች።

«ዘሩ» አለ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«እ?»

«ሣጥኑን ድሮ የት ነበር የምናስቀምጠው? ከመደርደሪያው ሥር ነበር አይደል?»

ዘርአብሩክ ወደ ጃርሶ ዞሮ የድል ዓይን ሊያሳየው ነበር። በዚያች ቅጽበት ኮሪደሩ ላይ ያለው ፍሪጅ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። የጣራው ማራገቢያ ሁለት ዙር ዞሮ ቆመ። ሴትዮዋም በቃሉ መሐል ተቆረጠች።

«ስቲማ ሄደ» አለ ነቢል። መብራት መጥፋቱ በሞያሌ ዜና አይደለም። ከዚያ ግን የነቢል ዓይን ቆርቆሮዋ ወደተቀመጠችበት በርጩማ ሄደ። ባትሪው አለ። የቆርቆሮዋ ቀይ መብራት ቁልጭ ብሎ ይበራል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ቴፕም ካሴቱን ያለ ሐሳብ እያዞረ ነው። የጠፋው ሙዚቃው ብቻ ነው። «ይቺ በባትሪ አይደለም እንዴ የምትሠራው?»

«ዱባይ ሠራሽ ስለሆነች» አለ ዘርአብሩክ፣ «መብራት ሲሄድ አብራ ታዝናለች።»

ሀብተሥላሴ ተነሣ። የምንጣፉን ጫፍ ገለጠ። ድሮ የፍሬን ቱቦ እንደሚከተለው በአራት እግሩ ሽቦውን ተከትሎ ሄደ፤ በግድግዳው ሥር፣ በመኝታ ቤቱ በር፣ እስከ አልጋው። ከዚያ ውስጥ ሆኖ ተጣራ።

«ዘሩ!»

«አቤት።»

«ሦስት ሺህ ዋቱ አልጋህ ሥር ምን ይሠራል?»

«ሁለት ሺህ ነው» አለ ዘርአብሩክ፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ። አስካለ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ በሃያ ዓመት ትዳር ባሏ ትክክለኛ ቁጥር ሲናገር ሰምታ አታውቅም ነበር።

ነቢል ሆዱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ፤ እንባው ጫቱን አራሰው። ጃርሶ አንገቱን ደፋ። ሀብተሥላሴ ግን ተመልሶ በስተቀኝ ካለው ትራስ አጠገብ ቆመ፤ አልተቀመጠም።

«ስንት ላይ ነው የከፈትከው?»

«አንድ ላይ። ከአንድም በታች።»

«ዘጠኝ ዓመት ‹ቀንሰው› እያልኩህ ነበር ዘሩ። ዘጠኝ ዓመት! አትሰማኝም ነበር?»

ዘርአብሩክ የመጣለትን ውሸት ሁሉ አንድ በአንድ አየ። አንዱም አልሆነለትም። «ሰምቼሃለሁ። ብቀንሰው ‹ያለው ጉልበት ይህቺ ብቻ ናት› ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ከዚያ አንተ ስትሄድ ደግሞ… አምስት ዋት ዘንድ ስትሄድ… ሀብቴ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ሌላው ቢሄድ አንድ ነገር ነው። አንተ በሌላ ሰው ቀኝ ስትቀመጥ አይቼ እንዴት ልቻል?»

«አሁን የሰማኋት የአንተው ማሽን ናት?»

«የእኔው ናት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ቁልፏን ዝቅ ብታደርጋት እኔ የት እሄድ ነበር?» ሀብተሥላሴ ራሱን ነቀነቀ። ግን ደግሞ ሣጥኑን እመልሳለሁ አላለም፤ ወደ ጃርሶም አየ። «እሱንስ ምን አድርጎኝ ልተወው?»

ጃርሶ ደፍቶት የነበረውን አንገቱን ቀና አደረገ። «አባቴ ሁለት ሚስቶች ነበሩት» አለ። «ዕቃውን እኔ ዘንድ አኑር፣ እኔ ዘንድ አኑር ብለው ሲጨቀጭቁት በራሱ ግመል ላይ አደረገው። ከዚያ በተራ ነበር የሚሄደው። ሳያዳላ።»

ነቢል እንደገና ሳቁ መጣበት። «አባ ሆቴልና ጃርሶ ጣውንት ሆኑ በሉኛ!»

ሀብተሥላሴ አልሳቀም፤ ነገሩን ከልቡ ያዘው። ሣጥኑ ከእንግዲህ በገዛ ቤቱ ይቀመጣል። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ማንያታ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ሆቴል፣ ቁልፉ ከአንድ ካላለፈ። አንዲት ቀን ሁለት ላይ ከሰማው ግን ተራው ለጃርሶ ያልፋል። ዘርአብሩክ ማለ። ሁለት ሺህ ዋቱም ከአልጋ ሥር ወጥቶ ወደ ሳሎኑ ተመለሰ፤ የኡራን ፍየሎችም በሰላም ማመንዠክ ቻሉ።

ማክሰኞ ሲሆን ዘርአብሩክ ከማለዳው ጀምሮ ምንጣፍ ያራግፋል። ሰኞና ረቡዕና ዓርብ ግን ከምሳ በኋላ ወንበሩን አውጥቶ በሆቴሉ በር ላይ ይቀመጣል፣ ጭነት እጠብቃለሁ ይላል። ፊቱ ወደ ማንያታ ነው። አምስት ዋት ከማንያታ እስከ ዋናው መንገድ አይደርስም፤ ከጎረቤት ግቢ እንኳ አያልፍም። ዘርአብሩክ ግን ይሰማዋል። የትኛው ካሴት እንደሆነ ይሰማዋል፣ ሀብቴ የሳቀበት ቦታ ይሰማዋል። አስካለ «ግባ፣ ፀሐዩ ይመታሃል» ብትለው፣ «ዝም በይ፣ ወደ ሁለተኛው ገጽ ገልብጠውታል» ይላታል።

ባለፈው ሐሙስ ሀብተሥላሴ ሣጥኑን በትከሻው ይዞ መጣ። ዘርአብሩክ ትራሱን እየደበደበ፣ ግድ የሌለው መስሎ ጠየቀ።

«ትናንት ምን ሰማችሁ?»

«ምንም» አለ ሀብተሥላሴ፣ ጫማውን እያወለቀ። «ባትሪው ሞቶብን ዝም ብለን ተቀመጥን።»

ዘርአብሩክ ባትሪው እንዳልሞተ ያውቃል። ጠዋት ጃርሶን መንገድ ላይ አስቁሞ ጠይቆታል፤ ጃርሶ ደግሞ መዋሸት አይችልበትም፣ አራት ካሴት ሙሉ ሰምተዋል። ሀብቴ ግን ወዳጁ እንዳይቀና ብሎ ዋሸለት፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት? ትራሱን በስተቀኝ አደላድሎ ሰጠውና ቁልፉን የፀጉር ያህል ከፈተ።